መግል የቋጠረ የውሻ ጉበት፦ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልግበት ጊዜ፣ አፈጻጸሙና ክትትሉ

በውሻ ጉበት ውስጥ መግል መቋጠር ብዙ ጊዜ የማያጋጥም፣ ሲያጋጥም ግን ሕይወትን በፍጥነት ለአደጋ የሚያጋልጥ ሕመም ነው። በመድኃኒት ብቻ የሚድንበት ጊዜ አለ፤ መግሉን በመርፌ በማውጣት የሚረዳበት ጊዜም አለ፤ የታመመውን የጉበት ክፍል ቆርጦ ከማስወገድ በቀር ሌላ መንገድ የማይኖርበት ጊዜም አለ። ከእነዚህ መካከል የሚስማማውን የሚለየው የእንስሳት ሐኪሙ ነው። ይሁን እንጂ ምርጫዎቹ ሁሉ ክፍት ሆነው የሚቆዩት ውሻው ገና በእግሩ ቆሞ የሚሄድ ሳለ ወደ ሕክምና ከቀረበ ነው። የቋጠረው መግል ፈንድቶ ወደ ሆድ ዕቃ ከፈሰሰ በኋላ የሚቀረው አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ብቻ ሲሆን፣ የመዳን ዕድሉም በእጅጉ ይቀንሳል።

ከዚህ በታች የቀረበው መረጃ የውሻ ባለቤቶች ምልክቶቹን በጊዜ እንዲያስተውሉ፣ በክሊኒክ የሚነገራቸውን እንዲረዱና ስለ ቀዶ ሕክምናው በዕውቀት ላይ የተመሠረተ ውሳኔ እንዲሰጡ የተዘጋጀ ነው። የእንስሳት ሐኪምን ምርመራ አይተካም።

የመግሉ መነሻ

ጉበት ደም የሚያገኘው ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው ከልብ በደም ወሳጅ ሥር የሚደርሰው ሲሆን፣ ሁለተኛውና በመጠን የሚበልጠው ከጨጓራ፣ ከአንጀት፣ ከቆሽትና ከጣፊያ ተሰብስቦ የሚመጣው ነው። ከአንጀት የሚመጣው ደም አልፎ አልፎ ባክቴሪያ ይዞ ይደርሳል፤ ጤናማ ጉበትም እነዚህን በየዕለቱ እያጣራ ያጠፋል። መግል የሚቋጠረው የባክቴሪያው ብዛት ከጉበቱ አቅም በላይ ሲሆን፣ ወይም የጉበቱ ሕብረ ሕዋስ በሌላ ምክንያት ተጎድቶ መከላከል ሲያቅተው ነው።

ባክቴሪያ በሐሞት ቱቦ በኩል ወደ ላይ ሊወጣ፣ በተመረዘ የልብ በር ምክንያት በደም ሊሰራጭ፣ ወይም በቡችሎች ላይ በቆሸሸ እትብት በኩል ሊገባ ይችላል። ውሻው የዋጠው የአጥንት ስንጥር፣ መርፌ ወይም ሹል እንጨት ጨጓራን በስቶ ጉበት ውስጥ የሚቀመጥበት አጋጣሚም አለ። በዕጢ ምክንያት የሞተ ወይም ተጠምዝዞ ደም ያጣ የጉበት ክፍልም ለመግል ምቹ ማደሪያ ይሆናል። ከመግሉ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባክቴሪያ በአንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ ሲሆን፣ ክሌብሲየላ፣ ኢንተሮኮከስ እንዲሁም ያለ አየር የሚያድጉት የክሎስትሪዲየም ዝርያዎችም ይገኛሉ።

ሕመሙ በዕድሜ በገፉ ውሾች ላይ ይበልጥ ይታያል። የስኳር በሽታ ያለባቸው፣ እንዲሁም ለቆዳ ማሳከክ ወይም ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎንና መሰል መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ውሾች የመከላከል አቅማቸው ስለሚዳከም የበለጠ ይጋለጣሉ። ስለዚህ ውሻው ከወራት በፊት የወሰደው መድኃኒት እንኳ ለሐኪሙ ሊነገር ይገባል።

ምልክቶቹና አሳሳች ገጽታቸው

ይህን ሕመም አስቸጋሪ የሚያደርገው የራሱ የሆነ ልዩ ምልክት የሌለው መሆኑ ነው። ውሻው ምግብ ይተዋል፣ ይደክማል፣ ያስታውካል፣ አንዳንዴም ያስቀምጠዋል። ሲነሡት ወይም ሆዱን ሲዳስሱት ያቃስታል፤ ጀርባውን አጉብጦ ይቆማል። ውኃ አብዝቶ ሊጠጣና ሽንቱም ሊበዛ ይችላል። የውሻ ጤናማ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ በዚህ ሕመም ወቅት ብዙ ጊዜ ከዚህ በላይ ይወጣል። ትኩሳት አለመኖሩ ግን ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ኢንፌክሽኑ በደም ውስጥ ተሰራጭቶ ውሻው በተዳከመ ጊዜ ሙቀቱ ከመደበኛው በታች ሊወርድ ይችላል፤ ይህም ከትኩሳቱ የከፋ ምልክት ነው። የዓይንና የድድ ቢጫ መሆን በአንዳንዶቹ ላይ ብቻ ይታያል።

ማስታወኩንና ድካሙን ያየ ባለቤት ውሻው ተመርዟል ብሎ ወተት ወይም ዘይት ሊያጠጣው ይነሣሣ ይሆናል። ለደከመና ለሚያስታውክ ውሻ በግድ የሚሰጥ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል መደረግ የለበትም። ሌላም ከባድ ምክንያት አለ። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ በስፋት የሚገኝ በመሆኑ ምግብ የተወ፣ ጠባዩ የተለወጠና ለሀጩ የሚዝረበረብ ውሻን አፍ በባዶ እጅ ከፍቶ መድኃኒት ማጉረስ ለሰው ሕይወት አደገኛ ነው። ውሻው ያልተከተበ ከሆነ ይህ ከሁሉ አስቀድሞ ለሐኪሙ ሊነገር ይገባል።

ሆድ በድንገት መነፋትና መወጠር፣ የድድ መንጣት፣ የእግር መቀዝቀዝ፣ ፈጣንና ደካማ የልብ ምት፣ ተነሥቶ መቆም አለመቻል፦ እነዚህ በአንድነት ሲታዩ የቋጠረው መግል ፈንድቷል ተብሎ መጠርጠር አለበት። በዚህ ጊዜ ሊጠበቅ የሚችለው በሰዓታት እንጂ በቀናት የሚቆጠር አይደለም።

ወደ ሐኪም ከመድረስ በፊት

ለሰው የተዘጋጀ የሕመም ማስታገሻ ለውሻ መስጠት ተገቢ አይደለም። ፓራሲታሞል የታመመ ጉበትን የበለጠ ይጎዳል፤ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ከመድኃኒት መደብር አንቲባዮቲክ ገዝቶ በግምት መጀመርም ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ለጥቂት ቀናት ትኩሳቱን አብርዶ ሕመሙን ይሸሽገዋል። ሁለተኛ፣ በኋላ ከመግሉ ናሙና ተወስዶ ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ሲፈለግ እንዳያድግ ያደርጋል፤ ትክክለኛውን መድኃኒት ለይቶ ለመስጠት የነበረው ዕድልም ይጠፋል።

ውሻውን ከሆዱ ሥር ታቅፎ ማንሣት የቋጠረውን መግል ሊያፈነዳ ስለሚችል፣ በብርድ ልብስ ወይም በሰፊ ጣውላ ላይ አስተኝቶ ማጓጓዝ ይመረጣል። እንዳይናከስ አፉን ማሰር የሚያስፈልግ ቢሆን እንኳ የሚያስታውክ ውሻ አፉ ጠብቆ ታስሮ ለብቻው መተው የለበትም። የክትባት ካርድ፣ የተሰጡት መድኃኒቶች ማሸጊያ፣ እንዲሁም ምግብ መተው የጀመረበት ቀን በጽሑፍ ቢያዝ የሐኪሙን ሥራ ያፋጥናል።

ምርመራ

ሐኪሙ በደም ምርመራ የነጭ የደም ሴሎችን ብዛትና ዓይነት፣ የጉበት ኢንዛይሞችን፣ የአልቡሚንንና የስኳርን መጠን ይመለከታል። እነዚህ ውጤቶች ጉበት መጎዳቱንና ኢንፌክሽን መኖሩን ይጠቁማሉ እንጂ መግል መኖሩን በራሳቸው አያረጋግጡም። መግሉ ያለበትን ቦታ፣ ብዛቱንና መጠኑን የሚያሳየው በዋናነት አልትራሳውንድ ነው። ራጅ የጉበትን ማበጥ፣ በውስጡ የታሰረ አየርን ወይም የተዋጠ ብረት ነገርን ሊያሳይ ይችላል።

በአልትራሳውንድ የታየ እብጠት ሁሉ ግን መግል አይደለም። ዕጢ፣ የረጋ ደም፣ ንጹሕ ውኃ የያዘ ከረጢት፣ እንዲሁም በሸመገሉ ውሾች ጉበት ላይ በብዛት የሚገኘው ጉዳት የሌለው ጓጎላ ተመሳሳይ መልክ ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየትና ለባክቴሪያ ምርመራ መላክ አለበት። ያለ አየር የሚያድጉ ባክቴሪያዎች ስላሉ ናሙናው ለዚህ በተዘጋጀ ዕቃ መያዝ ይኖርበታል። የታመመ ጉበት ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን በበቂ ሁኔታ ላያመነጭ ስለሚችል፣ ከመርፌውም ሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የደም መርጋት ምርመራ ይደረጋል።

በቄራዎች በከብትና በበግ ጉበት ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከዚህ ሕመም ጋር ሊምታታ አይገባም። ያ ከረጢት የኢካይኖኮከስ ትል እጭ ሲሆን፣ አዋቂው ትል የሚኖረው በውሻ አንጀት ውስጥ ነው። ውሻው ራሱ ብዙም ሳይታመም የትሉን እንቁላል በዓይነ ምድሩ በማሰራጨት ከብትንና ሰውን ይበክላል። ከቄራ ወይም ከቤት እርድ የተጣለ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መስጠት የማይፈቀደው ለዚህ ነው።

ቀዶ ሕክምና የሚመረጠው መቼ ነው?

ጥቃቅን የመግል ቋጠሮዎች በጉበቱ ሁሉ ላይ ተበትነው ከተገኙ ቆርጦ የሚወጣ የተለየ ክፍል ስለማይኖር ሕክምናው በአንቲባዮቲክ ላይ ይመሠረታል። አንድ ወይም ጥቂት ትልልቅ ቋጠሮዎች ሲሆኑ ግን መድኃኒት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። የቋጠሮው ግድግዳ እየወፈረ ስለሚሄድ፣ መካከሉም የደም ሥር ስለሌለው መድኃኒቱ በሚፈለገው መጠን ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚታሰብ አንድ አማራጭ አለ። በአልትራሳውንድ እየታዩ በቆዳ በኩል መርፌ አስገብቶ መግሉን መምጠጥ፣ ከዚያም ባዶ የሆነውን ቋጠሮ በአልኮል ማጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ ይህ ዘዴ በአምስት ውሾችና በአንዲት ድመት ላይ መተግበሩን አስታውቋል። ዘዴው ሆድ መክፈትን ስለሚያስቀር ለረጅም ማደንዘዣ ለማይበረታ ውሻ ይጠቅማል። ሆኖም ጥሩ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ ቋጠሮው በብዙ ክፍል የተከፋፈለ ወይም መግሉ የወፈረ ከሆነም አይሳካም።

ቀዶ ሕክምና ግድ የሚሆነው መግሉ ወደ ሆድ ዕቃ ሲፈስ ነው። ከዚህ ሌላ ቋጠሮው ትልቅና ለመፈንዳት የቀረበ ሲሆን፣ በውስጡ ባዕድ ነገር ሲኖር፣ የጉበቱ ክፍል ተጠምዝዞ ወይም ሞቶ ሲገኝ፣ ዕጢ ሲጠረጠር፣ የሐሞት ከረጢት አብሮ ሲታመም፣ ወይም በመድኃኒትና በመርፌ የተጀመረው ሕክምና በጥቂት ቀናት ውስጥ ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር ሐኪሙ ወደ ቀዶ ሕክምና ያመራል።

ቦታውም ይወስናል። የውሻ ጉበት እንደ ሰው ጉበት የተዋሐደ ሳይሆን ጥልቅ ስንጥቆች ባሏቸው ክፍሎች የተለያየ ነው፤ ይህም የታመመውን ለይቶ ለማውጣት ይረዳል። በግራ በኩል ያሉት ክፍሎች ሥራቸው ቀጭን ስለሆነ በአንጻራዊነት በቀላሉ ይቆረጣሉ። በቀኝ በኩል ያሉት ግን ደምን ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር አቅፈው ስለሚገኙ ቀዶ ሕክምናው ከባድ የደም መፍሰስ ሥጋት አለበት፤ ልምድ ያለው የቀዶ ሕክምና ባለሙያም ይፈልጋል። አንድ ሐኪም የግራውን ለመሥራት ተስማምቶ የቀኙን ወደ ሌላ ተቋም ቢልክ ኃላፊነቱን እንደተወጣ እንጂ እንደሸሸ አይቆጠርም።

የቀዶ ሕክምናው አፈጻጸም

ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ውሻው በደም ሥር ፈሳሽና ሰፊ ሽፋን ያለው አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል፤ የወረደ ስኳርና የተዛባ ማዕድን ይስተካከላል። መግሉ ካልፈነዳ በቀር ይህ ዝግጅት ከጥቂት ሰዓታት እስከ አንድና ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት የሚመጣ መዘግየት ባለቤቱን ሊያስቆጣው አይገባም። ለደም መፍሰስ መጠባበቂያ እንዲሆን ጤናማ፣ የተከተበና ክብደቱ ከፍ ያለ ሌላ ውሻ ለደም ልገሳ እንዲመጣ ክሊኒኩ ሊጠይቅ ይችላል። ብዙ የማደንዘዣ መድኃኒቶች የሚወገዱት በጉበት በኩል ስለሆነ የመድኃኒቱ ምርጫና መጠን በጥንቃቄ ይወሰናል። በቀጠሮ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ውሻው ከምግብ የሚከለከልበትን ሰዓት ሐኪሙ ይነግራል፤ የስኳር በሽታ ላለበት ውሻና ለቡችላ ሰዓቱ የተለየ ነው።

ሆድ የሚከፈተው ከደረት አጥንት ጫፍ ጀምሮ በመካከለኛው መስመር ነው። ስንጥቁ ረጅም መሆኑ ባለቤቶችን ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ነገር ግን ጉበት ከጎድን አጥንቶች ሥር ጠልቆ ስለሚገኝና ሐኪሙ የመግሉን መነሻ ለማግኘት አንጀትን፣ ቆሽትን፣ ጣፊያንና የሐሞት ከረጢትን ሁሉ መፈተሽ ስላለበት ነው። የታመመው ክፍል ከሌላው የሆድ ዕቃ በእርጥብ ጨርቅ ይከለላል። ከዚያም የክፍሉ ሥር በጠንካራ ክር ታስሮ ወይም በልዩ የስፌት መሣሪያ ተይዞ፣ ቋጠሮው ሳይፈነዳ ከነግድግዳው ተቆርጦ ይወጣል። ይህ ከሁሉ የሚመረጠው አሠራር ነው፤ ምክንያቱም መግሉንም፣ መድኃኒት የማይዘልቀውን ግድግዳም፣ የሞተውን ሕብረ ሕዋስም በአንድ ጊዜ ያስወግዳል።

ጉበት ተቆርጦ እንዴት ውሻው ይኖራል የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ የሚነሣ ነው። የቀረው ክፍል ጤናማ ከሆነ ውሻ እስከ 70 በመቶ የሚደርስ የጉበቱን ክፍል ቢያጣ ሊቋቋመው ይችላል። የቀረውም በሳምንታት ውስጥ አድጎ የጎደለውን መጠን ይተካል። የተቆረጠው ክፍል ራሱ ተመልሶ አይበቅልም፤ የሚሰፋው የተረፈው ነው። አንድ የታመመ ክፍል ማውጣት ከዚህ ልክ በብዙ ያነሰ ነው።

ቋጠሮው ቆርጦ ለማውጣት በማይመች ቦታ ላይ ሲሆን ሐኪሙ ከፍቶ መግሉን ይመጣል፣ ያጥባል፣ የሞተውን ያነሣል፤ ከዚያም ሞራውን ስቦ በጎድጓዳው ውስጥ ይሰፋዋል። ሞራ በደም ሥርና በመከላከያ ሴሎች የበለጸገ ስለሆነ ፈሳሽን ይመጣል፣ ኢንፌክሽንን ይዋጋል፣ ክፍተቱንም ይሞላል። በመጨረሻ ሆዱ በሞቀ የጨው ፈሳሽ ይታጠባል። መግል ፈስሶ ከነበረ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። የወጣው ክፍል ለባክቴሪያ ብቻ ሳይሆን ለሕብረ ሕዋስ ምርመራም መላክ አለበት፤ ከመግሉ ሥር የተሸሸገ ዕጢ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ወሳኝ ናቸው። ውስጣዊ የደም መፍሰስ፣ የስኳር መውረድ፣ የሆድ ዕቃ ኢንፌክሽንና የደም ግፊት መቀነስ የሚያሰጉት በእነዚህ ቀናት ስለሆነ ውሻው ሌሊትም ጭምር ክትትል በሚደረግበት ቦታ መቆየት አለበት። ክሊኒኩ የሌሊት ተረኛ ከሌለው ይህ አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል።

ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ ውሻው ደረቅና ንጹሕ ቦታ ያስፈልገዋል። ምግብ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ይሰጠዋል። ቁስሉን እንዳይልስ የአንገት ከለላ ይደረግለታል፤ ለመሮጥና ለመዝለልም አይለቀቅም። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ይነሣል። ቁስሉን የሚያጸዳ ሰው ጓንት ማድረግና እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት።

ብዙ ድካም የፈሰሰበት ሕክምና የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በዚህ ደረጃ ነው። ውሻው በአንድ ሳምንት ውስጥ በልቶ፣ ጅራቱን ቆልቶ፣ ሙሉ በሙሉ የዳነ ሊመስል ይችላል፤ አንቲባዮቲኩ ግን በአብዛኛው ለሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መቀጠል ይኖርበታል። የሚቆመው ውሻው ደኅና ስለመሰለ ሳይሆን የደም ምርመራውና አልትራሳውንዱ ተደግመው ሐኪሙ ሲያዝ ነው። የላቦራቶሪው ውጤት ሲደርስ መድኃኒቱ ሊለወጥ ስለሚችል ባለቤቱ ውጤቱን ተከታትሎ መጠየቅ አለበት። ትኩሳት ከተመለሰ፣ ምግብ እንደገና ከተወ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ከስፌቱ ደምና መግል ከወጣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል።

አገልግሎቱ የሚገኝበት ሁኔታ

የወረዳና የቀበሌ የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች በዋናነት ለቀንድ ከብት፣ ለበግና ለፍየል፣ ለጋማ ከብትና ለዶሮ የተደራጁ ናቸው። ስለሆነም የመጀመሪያ ምርመራ ለማድረግ፣ ፈሳሽ ለመስጠትና ወደ ሌላ ተቋም ለመላክ እንጂ የጉበት ቀዶ ሕክምና ለመሥራት አይጠበቅባቸውም። እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና አልትራሳውንድ፣ ላቦራቶሪ፣ የማደንዘዣ ክትትልና የማቆያ ክፍል ባለበት ቦታ የሚሠራ ነው። በቢሾፍቱ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የመሰሉ የማስተማሪያ ተቋማት፣ እንዲሁም ፈቃድ ያላቸው የግል የውሻና የድመት ክሊኒኮች በቅድሚያ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ሩቅ መንገድ ከመጓዝ በፊት በስልክ ሦስት ነገሮችን ማረጋገጥ ይጠቅማል፦ አልትራሳውንዱ በዕለቱ የሚሠራ መሆኑን፣ የሆድ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም መኖሩን፣ ውሻው ሌሊት የሚያድርበት ክፍል መኖሩን። የላከው ክሊኒክ የሰጠው መድኃኒት፣ መጠኑና የተሰጠበት ሰዓት በመላኪያ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለቤቱ የስምምነት ቅጽ ይፈርማል። ከመፈረሙ በፊት የታመመው የጉበት ክፍል የት እንደሆነ፣ ሆዱ ተከፍቶ መግሉ ሊወገድ የማይችል ወይም የተስፋፋ ዕጢ ሆኖ ቢገኝ ምን እንደሚደረግ፣ አጠቃላይ ወጪው የላቦራቶሪውንና የድኅረ ቀዶ ሕክምና ቆይታውን ያካተተ መሆኑን የመጠየቅ መብት አለው። ወጪው ከአቅም በላይ ከሆነ ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል፤ ሐኪሙ በመርፌ ማውጣትና ረጅም የመድኃኒት ሕክምና ይበቃ እንደሆነ፣ ካልሆነም ውሻው ሳይሠቃይ እንዲያልፍ ማድረግ ተገቢ መሆኑን ሊያማክር ይችላል። ማደንዘዣ ላይ ሳለ ሌላ ነገር ቢገኝ ባለቤቱ ወዲያው ውሳኔ እንዲሰጥ ስለሚጠየቅ ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ስልኩ ክፍት መሆን አለበት።

ውሻው ሲወጣ ባለቤቱ በጽሑፍ የሚረከበው ሰነድ የወጣውን የጉበት ክፍል፣ የተላኩትን ናሙናዎች፣ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የሚቀጥለውን የአልትራሳውንድ ቀጠሮ፣ እንዲሁም በሌሊት የሚደወልበትን ስልክ የያዘ ሊሆን ይገባል።